ሞተሩ ከተስተካከለ በኋላ ለምን ይጠፋል?

አሮጌ የጭነት መኪና ወይም ፒክአፕ ያለው ቤተሰብ ስለ መኪናው የሚጨነቀው እንደ አንድ የቤቱ አባል ነው። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ የአስቤዛ ወጪ ሁሉ በዚያች መኪና ጎማ ላይ የተንጠለጠለ ነውና። ስለዚህም ባለ መኪናው ካለው ላይ ቀንሶ ወደ ጋራዥ ይወስዳታል። ካንዴላ ይለወጣል፣ ፑንቲና ይስተካከላል፣ ካርቡራተር ይታጠባል፣ ፊልትሮ ይቀየራል፣ ቫልቭ ይስተካከላል። በአጭሩ ቱን አፕ የምንለው ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

አንዳንድ ጊዜ ታዲያ ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ከጋራዥ ስትወጣ ደህና የነበረችው መኪና በማግስቱ ሞተሯ ቀጥ ይላል። ተነሥታ ጥቂት ትሄድና እንደገና ትጠፋለች። ባለ መኪናውም “ገንዘብ ከፍዬ በሽታ ገዛሁ” ብሎ ያዝናል።

ይህ ነገር ከተማ መሐል ሲያጋጥም የሚያስከትለው የጥሩምባ ጩኸትና እፍረት ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ፣ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲና በባምባሲ አድርጎ አሶሳ በሚደርሰው ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው መንገድ ላይ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ከነቀምቴ ወደ ደዴሳ ሸለቆ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ጭነት ተይዞ፣ ሞተር ሲጠፋ የፍሬንና የመሪ ኃይል አብሮ ይቀንሳል። ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ ወይም ወደ ገጠር ወረዳዎች ለሚሄድም መለዋወጫ በቅርብ አይገኝም። በዚያ ላይ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በከማሺና በወለጋ በደረሱት ግጭቶች ምክንያት በዚህ መስመር የሚሠራ ሹፌር ሁሉ መንገድ ላይ ማምሸት ምን ማለት እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ስለዚህ ዛሬ ይህን ጉዳይ ረጋ ብለን ደረጃ በደረጃ እንመለከተዋለን።

አስቀድሞ የሚጠረጠረው የተነካው ነው

በፊት ያልነበረ ችግር ከማስተካከያው በኋላ ከመጣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው በማስተካከያው ጊዜ የተነካው ዕቃ ነው። ይህን መመሪያ የያዘ ሰው ብዙ ገንዘብ ያተርፋል። ብዙዎቻችን የምናደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። መኪናዋ ስትጠፋ ቦቢና እንገዛለን፤ አልሆን ሲል የነዳጅ ፖምፓ እንለውጣለን፤ እሱም አልሆን ሲል ካርቡራተሩ ይጣል እንላለን። ምክንያቱ ግን ተመልሶ ያልተሰካ አንዲት የጎማ ቱቦ ወይም ያልጠበቀ አንድ ቡሎን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ወደ ሠራው መካኒክ ሄዳችሁ በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ፣ “ወንድሜ፣ የፈታኸውንና የለወጥከውን አንድ በአንድ ንገረኝ” በሉት። መልሱን በወረቀት ጻፉ። ቀጥሎም በዝርዝሩ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነገር ተራ በተራ መርምሩ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትለውጡ። ሁለት ነገር ለውጣችሁ መኪናዋ ብትድን የዳነችው በየትኛው እንደሆነ አታውቁም፤ ብትብስም እንዲሁ ነው። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የሚለው ተረት ለመካኒክነትም ይሠራል።

የተለወጡትን አሮጌ ዕቃዎች ተቀብላችሁ ማስቀመጥም ይጠቅማል። አሮጌው ኮንዴንሰር ሲሠራ የኖረ ዕቃ ነው። አዲሱ ግን አዲስ ስለሆነ ብቻ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ጥራቱ የወረደ ዕቃ በገበያው ላይ ሞልቷል። ጥርጣሬ ሲነሣ አሮጌውን መልሶ አስገብቶ መሞከር ምንም የማያስከፍል ምርመራ ነው።

አጠፋፉን ተመልከቱ

ሐኪም በሽተኛውን “የት ያምሃል? መቼ ይጀምርሃል?” ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ የመኪናውም ምርመራ የሚጀምረው ሞተሩ የጠፋበትን ሁኔታ በማስተዋል ነው። በቤንዚን መኪኖች ላይ አጠፋፉን በሦስት ከፍለን ማየት እንችላለን።

1. እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሣ የሚጠፋ። ሲነዳ ደህና ሆኖ በሚኒሞ መቆም ያልቻለ ሞተር ነው። በመጀመሪያ ሚኒሞው ዝቅ ብሎ እንደሆነ እዩ። በብዙዎቹ አሮጌ የቤንዚን ሞተሮች ላይ ሚኒሞ በደቂቃ ከ650 እስከ 800 ዙር አካባቢ ነው። እሱ ደህና ከሆነ ሞተሩ ሞቆ እያለ ቾኩን በጥቂቱ ሳቡ። ሞተሩ ከተሻለው ነዳጅ አንሶታል ወይም የማይገባው አየር እየገባበት ነው ማለት ነው። ከባሰበትና ጥቁር ጭስ ከወጣ ደግሞ ነዳጁ በዝቶበታል።

አየር ያለ ቦታው የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ካርቡራተሩ ወይም የአየር ፊልትሮው ሲፈታ ወልቆ በቀረ ቱቦ ነው። የሲስታ ድምፅ አዳምጡ። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ ቀስ ብላችሁ ቆንጥጡ፤ አንዱን ስትቆነጥጡ ሞተሩ ከተስተካከለ ጥፋተኛው በዚያ መስመር ላይ ነው። በተለይ ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ እዩ። ሚኒሞ ላይ የሚጠፋ ሞተርና እንደ ድንጋይ የጠነከረ የፍሬን ፔዳል አንድ ላይ ከታዩ ያ ቱቦ ላላ ወይም ወለቀ ማለት ነው፤ ሳይጠገን መንዳት አይገባም።

በቶዮታና በመሰሎቹ መኪኖች ካርቡራተር ላይ ቁልፍ ሲከፈት የሚኒሞውን ነዳጅ የሚለቅ አንድ ሽቦ ያለው ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭ አለ። ካርቡራተሩ ታጥቦ ሲመለስ ይህ ሽቦ ካልተሰካ፣ መኪናዋ ነዳጅ እየተሰጣት ትሄዳለች፤ እግር እንደተነሣ ግን ትጠፋለች። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ስትከፍቱ “ጠቅ” የሚል ድምፅ ካልሰማችሁ ሽቦውን ተመልከቱ።

የሚኒሞውን ነዳጅና አየር የምትመጥነውን ቪት በተመለከተ ደግሞ፣ የመነሻው ልክ በብዙዎቹ ላይ ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ዘግቶ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ዙር መልሶ መክፈት ነው። ሲዘጋ በኃይል ማጥበቅ ጫፏን ያበላሻል።

2. እንደ መብራት ድርግም ብሎ የሚጠፋ። ሳይንተፋተፍ፣ ሳያስነጥስ፣ በአንዴ ጸጥ የሚል ከሆነ የጠፋው እሳቱ ነው። የቦቢናውን ሽቦዎች፣ በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያለችውን ቀጭን ሽቦ፣ የኮንዴንሰሩን ቡሎን እየነካካችሁ እዩ። ሞተሪኖው ሲዞር ሞተሩ ተነሥቶ ቁልፉን ስትለቁት ወዲያው ከጠፋ፣ ወደ ቦቢናው የሚወስደው መስመር ወይም በመስመሩ ላይ ያለው ረዚስተር ተበጥሷል ማለት ነው። ሞተሪኖው ሲዞር እሳቱ በሌላ መንገድ ስለሚያልፍ ነው ለጊዜው የሚነሣው።

3. እየተንተፋተፈ፣ ጉልበት እያነሰው የሚጠፋ። በተለይ ዳገት ላይ ደክሞ ጠፍቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ካረፈ በኋላ የሚነሣ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰውም። የነዳጁ ፊልትሮ ቀስቱ ወደ ኋላ ዞሮ ተገጥሞ ይሆናል፤ ወይም ሰልባትዮው ውስጥ የነበረ ዝገት አዲሱን ፊልትሮ ደፍኖት ይሆናል። ቀላል ምርመራም አለ። መኪናዋ እንደ ጠፋች የሰልባትዮውን ክዳን ክፈቱ። አየር እየሳበ ሲገባ ከሰማችሁና ከዚያ በኋላ በደንብ ከሄደች፣ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። የነዳጅ ቱቦው ከጭስ ማውጫው ተጠግቶ ታስሮ ከሆነም በሙቀት ነዳጁ ቱቦው ውስጥ እየተነነ ፖምፓው መሳብ ያቅተዋል፤ ቱቦውን ማራቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። መንገድ ላይ ሲቸገሩ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ይዘው በካርቡራተሩ አፍ እያፈሰሱ ሞተር የሚያስነሡ አሉ። ሞተሩ ወደ ኋላ ቢተፋ ጠርሙሱን የያዘው ሰው ላይ እሳት ይነሣል። ፈጽሞ አታድርጉት።

“አዲስ አበባ ደህና ነበረች፤ መንዲ ላይ ጠፋች”

ከጋራዥ ስትወጣ ደህና የሆነች መኪና ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ለምን ትጠፋለች? ሦስት የታወቁ ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው ፑንቲናው ነው። ፑንቲና በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ እሳት እንዲፈጠር የሚያደርግ ዕቃ ነው። ክፍተቱ በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። የሚከፍተው በእንዝርቱ ላይ የሚፈጋ አንድ ትንሽ የፋይበር ቁራጭ ሲሆን፣ አዲስ ሲገጠም እንዝርቱ ቅባት ካልተቀባ ይህ ቁራጭ በፍጥነት ይበላል። እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፣ እሳቱም ይዘገያል፤ በመጨረሻም ፑንቲናው መከፈቱን ያቆምና ሞተሩ ይጠፋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከጋራዥ ወጥቶ ረጅም መንገድ ሲኬድ ነው። መድኃኒቱ አዲስ ፑንቲና ሲገጠም ጥቂት ግሪስ እንዝርቱ ላይ መቀባት፣ ከዚያም ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ክፍተቱን እንደገና መለካት ነው። ለዚህ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ያሉት መለኪያና አንድ ካቻቢቴ ይበቃሉ።

ሁለተኛው ቫልቭ ነው። ቫልቮቹ ከልክ በላይ ጠብቀው ከተስተካከሉ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ደህና ይመስላል። ሲሞቅ ግን ብረቱ ስለሚረዝም ቫልቮቹ ሙሉ በሙሉ አይዘጉም፤ እመቃው ይቀንሳል፣ ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል። ስለዚህ የቫልቭ ልክ ሲነገር “በሞቀ ነው ወይስ በቀዘቀዘ?” ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ በብዙ አሮጌ ላንድ ክሩዘሮች ላይ ያለው የቶዮታ 2ኤፍ ሞተር ልክ ሞቆ እያለ ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.35 ሚሊ ሜትር ነው። የአይሱዙ 4ጄቢ1 የናፍታ ሞተር ደግሞ ቀዝቅዞ እያለ 0.40 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱን ለሌላው መስጠት ችግር መግዛት ነው።

ሦስተኛው የቦታው ከፍታና ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አሶሳ ደግሞ 1,570 ሜትር ገደማ። ወደ ታች ሲወረድ አየሩ ወፍራም ይሆናል። በአዲስ አበባ ቀጭን አየር፣ “ቤንዚን እንዲቆጥብ” ተብሎ ነዳጁ ለጥቂት የተቀነሰለት ካርቡራተር፣ ቆላ ሲወርድ ነዳጁ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ያንስበታል። ለውጡ ትልቅ ባይሆንም በጠርዝ ላይ ለተስተካከለ ሞተር ይበቃዋል። መኪናዋ የምትሠራው አሶሳ ከሆነ የመጨረሻው የሚኒሞ ማስተካከያ አሶሳ ላይ፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ መደረግ አለበት።

ናፍታ ከሆነስ?

በዚህ መስመር ጭነት የሚያመላልሱት መኪኖች ግን በብዛት ናፍታ ናቸው፤ አይሱዙው፣ አሮጌው ፊያት ኤንትሬም ቢሆን። ናፍታ ካንዴላም ፑንቲናም የለውም። ስለዚህ ከሰርቪስ በኋላ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አየር ነው።

ፊልትሮ ሲለወጥ አየር ወደ መስመሩ ይገባል። አየሩ በደንብ ካልወጣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ሠርቶ፣ እየተንገዳገደ ይጠፋል። በእጅ ፖምፓው እየገፋችሁ፣ በፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ቡሎን አላልታችሁ፣ አረፋ የሌለበት ንጹሕ ናፍታ እስኪወጣ ድረስ ጠብቁ፤ ከዚያ አጥብቁ።

አየሩ ወጥቶ በማግስቱ ተመልሶ ከገባ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ “ናፍታ አይንጠባጠብም፤ ስለዚህ ቀዳዳ የለም” ይላል። ከሰልባትዮው እስከ ፖምፓው ያለው መስመር ግን በመሳብ ላይ ነው። ቀዳዳ ካለው ናፍታ ወደ ውጭ አያፈስስም፤ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። መስመሩ ደረቅ ስለሆነ ብቻ ደህና ነው አይባልም። የፊልትሮው ጎማ ተጣምሞ ወይም አሮጌው ሳይወጣ አዲሱ በላዩ ተደርቦ እንደሆነ እዩ። የመዳብ ሮንዴላዎቹንም ለውጡ፤ አንዴ የተጨፈለቀ ሮንዴላ ሁለተኛ ጊዜ በደንብ አይዘጋም።

ጥርጣሬውን ለመለየት የሚረዳ ዘዴም አለ። ንጹሕ ናፍታ በጀሪካን አድርጋችሁ ከፖምፓው ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጡና በንጹሕ ቱቦ በቀጥታ ለፖምፓው ስጡ። ሞተሩ ሳይጠፋ ከሠራ ፖምፓው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከሰልባትዮው እስከ ፖምፓው ባለው መስመር ላይ ነው። ይህ ዘዴ ለናፍታ ብቻ ነው፤ በቤንዚን እንዳትሞክሩት።

በክረምት ደግሞ ውኃን አስቡ። የአሶሳ ዝናብ ረጅም ነው፤ ነዳጅም ብዙ ጊዜ ከበርሜል ይቀዳል። ከፊልትሮው ሥር ናፍታ በሚያሳይ ጠርሙስ ቀድታችሁ አስቀምጡት። ውኃ ካለ ከታች ይዘቅጣል፤ ልዩነቱም በዓይን ይታያል።

ሞተሩ እየተነዳ ቢጠፋ

ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ መኪናዋን ጭነት ጭኖ ወደ ቁልቁለት መውሰድ አይገባም። ድንገት ቢያጋጥም ግን ሹፌሩ የሚከተሉትን ያስታውስ፦

– ፍሬኑን አንዴ አጥብቆ ይያዝ እንጂ ደጋግሞ አይርገጠው። በአየር መሳብ የሚታገዝ ፍሬን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ኃይል ለአንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላም ፍሬኑ ይሠራል፤ እጅግ ይጠነክራል እንጂ።

– ቁልፉን ነቅሎ አያውጣ፤ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። መሪው ይከብዳል እንጂ ይዞራልና በሁለት እጅ ይያዝ።

– ወደ ፎሌ አያውጣ። በማርሽ ላይ ያለ መኪና ሞተሩ ቢጠፋም በሞተሩ ይያዛል፤ በፎሌ ያለ ግን ቁልቁለቱ ይወስደዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለትን በፎሌ መውረድም ለዚሁ ነው አደገኛ የሚሆነው።

– ከቆመ በኋላ ለጎማው ድንጋይ ያድርግ፤ ከኋላ ራቅ አድርጎም ምልክት ያኑር። ሲነሣ ግን ድንጋዩን ከመንገድ ላይ ያንሣ። በሌሊት ለሚመጣው ሌላ ወንድም የተረሳ ድንጋይ ሞት ሊሆን ይችላል።

ከመካኒኩ ጋር በሰላም

የእኛ አገር መካኒክ ብዙውን ጊዜ ያለ መመሪያ መጽሐፍ፣ ያለ በቂ መለኪያ፣ በጆሮውና በልምዱ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ካቻቢቴ፣ ፎሌ የሚሉት ቃላት ራሳቸው ከጣልያን ቋንቋ የመጡ ሆነው ከጌታ ወደ ረዳት በቃል የተላለፉ ናቸው። ሙያውም እንዲሁ ነው የተላለፈው። ስለዚህ አንድ ሽቦ ቢረሳ ሌባ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን ባለ መኪናውም መብቱን በፍቅር ሊጠይቅ ይገባል። ከሥራው በፊት እነዚህን ተስማሙ፦

– የሚለወጠው ዕቃ ዝርዝር በወረቀት ይጻፍ፤ አሮጌው ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ።
– የፑንቲናው፣ የካንዴላውና የቫልቩ ክፍተት ስንት እንደሆነ ይጻፍ።
– ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አብራችሁ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ዳገትና ቁልቁለት ባለበት መንገድ ንዱት። ጋራዥ ውስጥ ቆሞ መጮኹ ፈተና አይሆንም።
– ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተመልሶ እንዲያየው ቃል ይግባ።
– ረጅም መንገድ በማግስቱ አትውጡ። ከሰርቪስ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ቀናት በቅርብ ይሠራባት።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ሁሉ ካያችሁ በኋላ ችግሩ ካልተገኘ ያን ጊዜ ወደ ውድ ዕቃዎች መሄድ ይቻላል። በዚህ ቅደም ተከተል የሄደ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱን የሚያገኘው በአንዲት ቱቦ፣ በአንዲት ሽቦ ወይም በአንድ ሮንዴላ ላይ ነው። ሹፌር ለሆነ ወንድማችሁ፣ ባለ መኪና ለሆነ ጎረቤታችሁ ይህን ገጽ አስነብቡት። በሚቀጥለው ዓምዳችን እስክንገናኝ መንገዳችሁ የሰላም ይሁን።